ያልቀነስሁት ስምንት ዓመት

ባሕር ዳር ላይ ከብት የጠፋው ሰው ጠንቋይ ቤት ይሄዳል፤ ወረቀት የጠፋው ደግሞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጠንቋዩ አንዳንዴ ይሳሳታል። እኔ ግን አሁን በማወራችሁ ጉዳይ እጄን እስካስገባ ድረስ ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ተሳስቼም ከሆነ ያወቀብኝ የለም፤ ያ ደግሞ አልተሳሳትሁም ማለት ነው።

ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ቤቷ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ደጇ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴን በራሴ አስተማርሁት፤ ተማሪው ሰነፍ አልነበረም፣ መምህሩም ደመወዝ አልጠየቀም። ልጅ እግር ሳለሁ ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርሁ። እንግሊዝኛ የለመድሁት ከቱሪስት ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ኮምፒውተር የለመድሁት ደግሞ የሰው ኮምፒውተር አበላሽቼ እስክጠግነው ድረስ ስለተያዝሁ ነው።

የዕለት እንጀራዬ ፎርም መሙላት ነው። ፓስፖርት የሚያወጣ፣ ስኮላርሺፕ የሚሞክር፣ ልጁን ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ እኔ ፊት ይቀመጣል። የፎርም ትልቁ ጣጣ የልደት ዓመት ነው። የእኛን ዘመን ወደ ፈረንጅ ማዞር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከጥር ወዲህ ስምንት መጨመር። ይህን እንኳን ነቅቼ ተኝቼም እሠራዋለሁ። አንዳንዱ ሰው ስሙን ሳይነግረኝ ዓመቱን ጨምሬለት እጠብቀዋለሁ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

የታሪክ መምህርቷ መጀመሪያ የመጣችው ፈተና ልታባዛ ነበር። ገና ወጣት ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ቁጣዋ ግን የሠላሳ ዓመት አስተማሪ ቁጣ። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ እያየች አጉረመረመች። መጽሐፉ «የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ» ይላል፤ ነገሩ ሲሆን እዚያው የነበረ ሰው የጻፈው፣ የሣለው፣ የፈረመው ማለት ነው። ተማሪዎቿ ትርጉሙን አንድ ፊደል ሳያጎድሉ በቃላቸው ይወጡታል። ምንጩን ግን አንዱም አይቶት አያውቅም። እኔም ይሄ እኮ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዓሣን በሥዕል ብቻ እንደማወቅ ነው አልኋት። ሳቀች። ከሳቀች ወዲያ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«መምህሬ፣ ለእኔ ተዪው» አልሁ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንጩን እስከ ወንዙ አመጣልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ይሄን ጥያቄ ባሕር ዳር ውስጥ የሚጠይቀኝ አዲስ ሰው ብቻ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የማውቀው ጥቂት ነበር። ግን ገባሁበት። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ ዘርግተውታል። አሮጌ ካርታ አለ፤ መንገደኛ ለዘመዱ የላከው ደብዳቤ አለ፤ የገበያ፣ የጀልባ፣ የሰርግ ፎቶ አለ። ከፍሎ መግባት የሚጠይቅ አለ፤ ዝም ብለህ ግባ የሚልም አለ። ችግሩ ማግኘቱ ነው። በፈረንጅ ፊደል «ጣና» ብላችሁ ብትጽፉ ሆቴልና የጀልባ ሽርሽር ይመጣላችኋል። የድሮ ፈረንጅ ግን ጻና ነው የሚለው። ጻና ብዬ ስጽፍ በሩ ተከፈተ። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለውን አገር ደንቢያ ብዬ ስጽፍ ሌላው በር ተከፈተ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከመናደድ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ብልሃቴ ከኋላ መጀመር ነው። የብራና መጽሐፍ ፊቱ ሁሉ ይመሳሰላል። የመጨረሻው ቅጠልና ኅዳጉ ላይ ነው ሰው ያለው፤ ማን አስጻፈው፣ ለየትኛው ደብር ተሰጠ፣ አንበጣ መጣ፣ መሬት ተከፈለ። ሦስተኛው ደግሞ ከፎቶው ሥር ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አለመዝለል ነው። ፈረንጅ ዕቃውን ከማን፣ የት፣ መቼ እንደገዛው ይጽፋል። አራተኛው፣ ያገኛችሁትን ወዲያው ወደ ራሳችሁ ዲስክ ማውረድ ነው። ኔት ጠፍቶ ወራት የከረምንበትን ጊዜ የማያስታውስ ካለ ይህን ምክር ይለፈው።

አንድ የማልችለው ነገር ነበረ፣ ግዕዝ። ፊደሉን አነባለሁ፤ ትርጉሙ ግን በዓይኔ ገብቶ በጆሮዬ ይወጣል። ለዚህ መሪጌታን ለመንሁ።

መሪጌታ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ በየጠዋቱ በሚኒባስ ይመጡና ደጄ ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ጠይቄ አላውቅም። ከደጄ ሐይቁ አይታይም፣ ፎቅ ጋርዶታል። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደዚያው አድርገው ነው የሚቀመጡት።

ነገራቸውን ሰው በሹክሹክታ ያወራዋል። በወጣትነታቸው ከሐይቁ ደሴቶች በአንዷ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ቁልፉን የሰጧቸው ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው የኔታ ናቸው። ደብሩ አንድ ባለ ሥዕል ወንጌል ነበረው፤ በጣም ከማርጀቱ የተነሣ አይከፈትም። ለዓመት በዓል የሚወጣው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሕዝቡ ማኅደሩን ይሳለማል፤ ውስጡን የሚያይ የለም። መሪጌታ ቁልፉን ከያዙ በሰባተኛው ዓመት ከአገረ ስብከት ቆጣሪዎች መጡ። ማኅደሩ ሲከፈት ከወንጌሉ ጋር ቁመቱ የሚስተካከል አንድ ያለቀ ዳዊት ወጣ። ወንጌሉ የለም። የኔታ ያን ጊዜ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ካህናቱ ሕዝቡን ሰብስበው ግዝቱን ሦስት ጊዜ አሰሙ፤ የወሰደው ይውጣ ተባለ፤ የወጣ የለም። መሪጌታንም ማንም ሌባ አላላቸውም። ብቻ የማኅበሩ ጽዋ ሲዞር እሳቸውን እየዘለለ ማለፍ ጀመረ። አንድ ጠዋት ታንኳ ላይ ወጡ፣ ሃምሳ ዓመት አልተመለሱም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናብ አስጠልሎን ሳለ፣ «ያንን ቅጽር ሳልሳለም እንዳልሞት እፈራለሁ» ብለውኝ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ቀልድ ጣል አድርጌ አልፌዋለሁ። ምን ብዬ እንደቀለድሁ እንኳ ረስቼዋለሁ።

መሪጌታ ግዕዙን ሊተረጉሙልኝ የገቡ ዕለት መምህርቷም ነበረች። ለክፍሏ የምትወስደውን አንድ ቅጠል መርጬ ነበር፤ ከአንድ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የወንጌል መጨረሻ ነው። ጻና በሚለው ነበር የያዝሁት። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተጎነበሱ፤ ለመምህርቷ እየተረጎሙ ጀመሩ። ይህ ወንጌል የእገሌ ደሴት ነው፣ አስጻፊው እገሌ ነው አሉ። ቀጥለው «የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ከዚህ ቦታ ያወጣው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ብለው እዚያው ቀሩ።

አልገባኝም። ጽሑፉ የጠፋባቸው መስሎኝ አጎላሁት።

«ማርቆስ ያለበትን ሥዕል አምጣልኝ» አሉ። «ሰማያዊው ልብሱ ላይ የጧፍ ቃጠሎ ይኖራል። አውራ ጣት የሚያህል።»

አመጣሁት። ነበረ።

ተማሪ ሳሉ አንድ ጊዜ የኔታ ከፍተው አሳይተዋቸው ነበርና ያቺን ቃጠሎ ያውቋታል። ያን ጊዜ የእኔ ሆድ ምን ሆነ መሰላችሁ? በደስታ ጮቤ ረገጠ። መንግሥት ያላገኘውን፣ አገረ ስብከት ያላገኘውን፣ ስምንተኛ ክፍል አገኘው! መሪጌታ ግን መጽሐፉን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። የጠየቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ነው የወጣ?»

ደቃቃዋን ጽሑፍ አነበብሁ። ከጎርጎራ ነጋዴ ላይ ተገዛ ይላል፤ ዓመቱም አለ። የሻጩ ስም የለም። ዓመቱን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ቁልፉን የተረከቡት መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። እጄ ካልኩሌተር አልፈለገም።

«ቁልፉን በያዙ በአምስተኛው ዓመት ነዋ!» አልሁ።

እንደ ሎተሪ ቁጥር ነው የጠራሁት። መምህርቷ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ያኔ ነው ምን እንዳልሁ የገባኝ። ሃምሳ ዓመት የተሸሸገ ነገር በአንድ አፍ፣ ሰው ፊት፣ በእሳቸው ቁልፍ ወጣ ብዬ ፈረድሁባቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ያቺን ቅጠል አትምልኝ አሉኝ፤ አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ «ዛሬ ደኅና እተኛለሁ» አሉ። ሽሙጥ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ሆዴ ቢባባም እጄ አላረፈም። የዚያች ደሴት ደብር አለቃ ደንበኛዬ ናቸው፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እኔ ነኝ የማትምላቸው። ፎቶውን፣ ዓመቱን፣ «በአምስተኛው ዓመት» የሚለውንም ጨምሬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ማንም ላክ አላለኝም። ያገኘሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ወዲያ አግዳሚዋ ባዶዋን ሰነበተች።

በሳምንቱ መምህርቷ ክፍሏ ገብቼ ምንጭ እንዴት እንደሚፈለግ ለተማሪዎቿ እንዳሳይ ጠራችኝ። ኮት ለበስሁ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው አሥራ አንደኛ ክፍል ሊያስተምር ሲገባ ኮት ይገባዋል። የጻናውን ነገር፣ ከኋላ የመጀመሩን ነገር ነገርኋቸው፤ እያሳቅሁ አስጻፍኋቸው። መምህርቷ ያቺን ቅጠል አሳትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። በመጨረሻ ስለ ደቃቃዋ ጽሑፍ ነግሬ የተገዛበትን ዓመት ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ዓመቱ የማን ነው? የእኛ ነው የፈረንጅ?»

«የፈረንጅ ነዋ!» አልሁ። «ፈረንጅ ገዝቶ በእኛ ዘመን ሊጽፍልሽ ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማረ ሰው የሚወድቀው። ከእኛ ወደ እነሱ ትጨምራለህ፣ ከእነሱ ወደ እኛ ትቀንሳለህ። ስንት?»

«ሰባት ወይ ስምንት!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«እንደገና!»

«ሰባት ወይ ስምንት!»

ጠመኔውን አንስቼ ከዓመቱ ላይ ስምንት ቀነስሁ። መልሱን ጻፍሁ። እጄ እዚያው ቀረ።

መሪጌታ ቁልፉን ከያዙበት ዓመት ሦስት ዓመት ይቀድማል። ሰባት ቢቀነስም ሁለት። መጽሐፉ ጎርጎራ ላይ ሲሸጥ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ አልነበረም።

ዕድሜዬን ሙሉ ስጨምር ኖሬ፣ መቀነስ ባለብኝ በአንዲቷ ቀን ሳልቀንስ ቀረሁ። ከአፌ የወጣው ዓመት የፈረንጅ መሆኑን ለመሪጌታ አልነገርኋቸውም፤ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው የሚያሰሉ ሰው ናቸው፣ ብነግራቸው ገና ሳልጨርስ ያርሙኝ ነበር። ተማሪዎቹ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። መምህርቷ አልሳቀችም። ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደወል ሳይደወል ክፍሉን በተነችው።

«ዛሬውኑ ሂድና ንገራቸው» አለችኝ።

ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ የደብሩ አለቃ መልስ ነው። ካህናቱ መክረዋል። ሃምሳ ዓመት ይበቃል፤ መሪጌታ መጥተው በቁልፌ ወጣ፣ ጠባቂ ሆኜ አልጠበቅሁም ብለው በአንደበታቸው ከተናገሩ እንፈታቸዋለን፣ ደብራቸው ነው፣ ይግቡ ይላል።

በባጃጅ ዘንዘልማ እስክደርስ ድረስ ሐዘኔ ተገልብጦ ደስታ ሆነ። እኔ እንዲህ ነኝ። ስሕተቴን ራሴ አገኘሁት፣ ስለዚህ አሁንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ መፈታት አያስፈልጋቸውም! ራሳቸውን ቀና አድርገው ይገባሉ፣ ጽዋውን የዘለለባቸው ሁሉ ይቅርታ ይለምናቸዋል። ምን ብዬ እንደማበስር ስለማመድ ባለ ባጃጁ ስልክ የማወራ መስሎታል።

የልጃቸው ቤት ግማሹ ያላለቀ፣ በጤፍ ማሳና በችካል መካከል የቆመ ነው። መሪጌታ ደጅ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ታድሷል። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ቀለዱብኝ፤ «ሰውየው፣ ምላስህ ኔት ጠፍቶበት ነው የጠፋኸው?» አሉ።

የአለቃውን መልእክት አስቀደምሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ «የምሥራች!» ብዬ የስምንቱን ዓመት ነገር ዘረገፍሁት። ተሳስቻለሁ፣ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ቁልፉን ሳይይዙ ነው የተሸጠው፣ እርስዎ ንጹሕ ነዎት።

ምሥር ብላ አላሉኝም። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር እያየሁት ወረደ።

«ለማን ነገርህ?»

«ገና ለማንም። መጀመሪያ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

 ልጃቸው የሚጠጣ ይዛ ወጣች፤ አባቷን አይታ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ነው ለማንም ያልተናገሩትን የነገሩኝ።

ቁልፉን ሲረከቡ ዕቃውን አልቆጠሩም። በመምህር ፊት ሣጥን ከፍቶ መቁጠር አምንሃለሁ አላምንህም ማለት ነው፤ ጉልበት ስመው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። በሁለተኛው ዓመት ለብቻቸው ሳሉ ማኅደሩን ከፈቱት። ዳዊቱን አገኙት። ወደ የኔታ ሮጡ። የኔታ ያን ጊዜ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ሊጠይቁ ሲሉ የኔታ ቀደሟቸው።

«ልጄ፣ ዝናብ አይገባም አይደል?»

«አይገባም፣ የኔታ» አሉ።

ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ የሣር ክዳን ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መጻሕፍቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ብራናው ይሻግታል። መሪጌታ ገና ተማሪ ሳሉ በአንድ በጋ ከጎርጎራ በጀልባ ቆርቆሮ መጣ። የኔታ አንዲት ባለጸጋ መበለት ተስላ የሰጠችው ነው አሉ። መበለቲቱን ያያት የለም። ቆርቆሮውን ከጀልባ እስከ ቅጽሩ በትከሻቸው ካጋዙት ተማሪዎች አንዱ መሪጌታ ናቸው። የትኛው ዓመት እንደነበረ ልጠይቃቸው አልፈለግሁም፤ ራሳቸው ነገሩኝ። የቀነስሁት ዓመት ላይ ነው የሚያርፈው።

«እኔም አንድ ጥፋት ነበረኝ» አሉ። «ቁልፉን በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት ተዝካር ተጠርቼ ቁልፉን ከትራሴ ሥር ትቼ አደርሁ። ሃምሳ ዓመት ያቺን ሌሊት ይዤ ኖርሁ። ሌባው በዚያች ሌሊት ገባ፣ የኔታ አይደሉም እያልሁ። ባለፈው አንተ አምስተኛው ዓመት ስትለኝ፣ ሌባው ሰርቆ ደብቆ ቆይቶ ሸጠው ማለት ነው፣ እሳቸው ነጹ አልሁ። ደኅና እተኛለሁ ያልሁህ እውነቴን ነበር። ተኝቻለሁም።»

የሚፈሩትንም ነገሩኝ። 

የኔታ ስም በደሴቲቱ በየዓመቱ ይነሣል፣ ጸሎት ይደረግላቸዋል። እውነቱ ከታወቀ ግዝቱ በእሳቸው ላይ ይወድቃል፤ ስማቸው ከጸሎቱ ይወጣል።

«መጽሐፉ ሻጩን አይጠራም እኮ» አልሁ። «መበለቲቱም እውነት ትሆናለች።»

«እንግዲያስ ማንንም የማይጠራ ነገር ይዘህ ሄደህ ምን ትናገራለህ? ዓመቱን ትናገራለህ። የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል፤ ቆርቆሮው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ በሕይወት አለሁ። ይፍታህ ቢሉኝ እሰማለሁ። እሳቸውን ማን ይፈታቸዋል? ያን ስምንት ዓመት ለእኔ ተውልኝ።»

ለመምህርቷ ነገርኋት። ቀላል መልስ ትሰጠኛለች ብዬ ነበር፤ የተማረች ናት። ጥፍሯን እየነከሰች ቆየች። በመጨረሻ የሰው ምሥጢር ከአፏ እንደማይወጣ ነገረችኝ። «ግን ጋሼ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሳሳተ ዓመት አልጽፍም» አለች። «ያን ያህል አትጠይቀኝ።» ከቅጠሉ ሥር የፈረንጁን ዓመት፣ ከጎኑ የእኛን አድርጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው።

መሪጌታን በሞተር ጀልባ የወሰድኋቸው እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ ትኬት ቆራጭ ሳለሁ የነበረውን ቀልድ ሁሉ አወራሁ፤ ጀልባ ነጂው ሳቀ፣ እሳቸው ውኃውን ያያሉ። ደሴቲቱ ከሩቅ ስትታይ ጫማቸውን አወለቁ። ገና ግማሽ መንገድ ይቀረን ነበር።

ቅጽሩን ተሳለሙ፤ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው በጣም ቆዩ። ካህናቱ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠዋል። እሳቸውን በወጣትነታቸው የሚያውቃቸው ከሁለት ሽማግሌ በቀር የለም። ቆመው ተናገሩ፤ በእኔ ቁልፍ ወጣ፣ ጠባቂ ሆኜ አልጠበቅሁም፣ ይፍቱኝ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አለቃው ግን ወዲያው አልመለሱም። ወደ እኔ ዞሩ።

«የላክኸው ዓመት እርግጥ ነው? መቼም ዓመት መቁጠር ሥራህ ነው።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ አለች። ቅጠሏ ስልኬ ውስጥ አለች። መሪጌታ አላዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ። 

«እርግጥ ነው» አልሁ። «ቆጥሬዋለሁ።»

እግዚአብሔር ይፍታህ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አቀፏቸው፤ አንዱ አለቀሰ። ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ እኔም ከኋላ ገባሁ። ትንሽ እንደቆየን ዝናብ ወረደ። የሐይቅ ዝናብ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮው እየጮኸ የሚጸልየውን ካህን ድምፅ ዋጠው፤ ካህኑ እስኪያልፍ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየ። መሪጌታም አዩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ያሉትን አልሰማሁም፣ ግን አውቀዋለሁ።

አሁን መሪጌታ ብዙውን ጊዜ እዚያው ናቸው። አግዳሚዋ ላይ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ይቀመጥባታል። መጨመርም መቀነስም ሲኖርብኝ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው የምሠራው፤ ሰው ሲያየኝ አርጅቷል ይላል።

የሚያስጨንቀኝ ያቺ ግድግዳ ናት። ቅጠሏ እስከ ዛሬ እዚያው ተለጥፋለች፤ ሁለቱ ዓመት በቀይ ተጽፎ ከሥሯ አለ። ባለፈው ቆሜ ሳያት መምህርቷ ያቺን ዓመቱ የማን ነው ብላ የጠየቀችኝን ልጅ በዓይኗ አሳየችኝና የማን እንደሆነች ነገረችኝ። እናት አባቷ ደሴቲቱ ላይ ናቸው፤ ለትምህርት ነው ከዘመድ ቤት የተቀመጠችው። ለበዓል ትሄዳለች። አለቃው ምን ዓመት እንደተላከላቸው አንድ ቀን ትሰማለች። ስትሰማ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ትቀንሳለች። ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ኮት ለብሼ፣ ሁለት ጊዜ አስጩሄ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።